አንድ አፍ፣ ሁለት ዓይነት ዓይን፦ የጆከርን ፈገግታ በጭቃ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ከመጀመሬ በፊት

ልሠራ ያሰብኩት ነገር ይሄ ነው፦ አንድ የጭቃ ጭንቅላት፣ አፉ የማይቀየር፣ ከአፍንጫው መሀል ወደላይ ግን ዓይኑና ቅንድቡ የሚነቀልና በሌላ የሚተካ። አፉ የኮንራድ ፋይት አፍ ነው፣ 1928 ላይ በወጣው "የሚስቀው ሰው" በሚለው ድምፅ አልባ ፊልም ጉዊንፕሌንን ሆኖ ሲሠራ የነበረው አፍ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የባትማን (የአሜሪካ ኮሚክ ማለትም በሥዕል የሚነገር ታሪክ ጀግና ነው) ጠላት የሆነው፣ 1940 ላይ የወጣው ነፍሰ ገዳዩ ጆከር መልኩን ያገኘው ከዛ ፊት ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አድርገው "አያችሁ መመሳሰሉን" የሚሉ ፖስቶች ሞልተዋል። እኔን ግን የሚከነክነኝ ከዛ በኋላ ያለው ጥያቄ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ጉዊንፕሌን ክፉ እንዳልሆነ ያውቃል፣ እንደውም ፊልሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ ደጉና አሳዛኙ እሱ ነው። ታዲያ በ12 ዓመት ውስጥ ያ ፊት እንዴት የነፍሰ ገዳይ ፊት ሆነ? ከፊቱ ላይ ምኑ ተወሰደ፣ ምኑ ቀረ?

ግምት አለኝ፣ አፉ ተወሰደ ዓይኑ ቀረ የሚል። በእጄ ካልሠራሁት ግን እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ስለዚ ይኸው ጀመርኩ።

ፊልሙን ደግሜ አየሁት

ጭቃ ከመንካቴ በፊት ፊልሙን ደብተር ይዤ ቁጭ ብዬ አየሁት። አሁን ማግኘቱ ቀላል ነው፣ አሜሪካ ውስጥ 1928 ላይ የወጡ ሥራዎች የቅጂ መብታቸው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ስላበቃ ማንም ሰው ምስሉን ቆርጦ ሪፈረንስ ማድረግ ይችላል፣ ለእንደዚ አይነት ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

ታሪኩ የቪክቶር ሁጎ ነው፣ 1869 ላይ ያሳተመው ልቦለድ፣ ያኔ ከአገሩ ተሰዶ ገርንዚ ደሴት ላይ ይኖር ነበር። ነገሩ የሚሆነው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ፊልሙ ላይ አንድ መኳንንት ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛን ስለተቃወመ ይገደላል፣ ትንሹ ልጁ ደሞ ለልጅ ነጋዴዎች ይሰጥና እነሱ አፉን ቀደው በሞኝ አባቱ ላይ ዕድሜ ልኩን እንዲስቅ ያደርጉታል። ከዛ ልጁን በበረዶ ሌሊት ጥለውት ይሄዳሉ። እሱ ግን ብቻውን እየተንከራተተ የሞተች እናት እቅፍ ውስጥ ያለች ሕፃን ያገኝና ይዟት ይሄዳል፣ ሕፃኗ ዓይነ ስውር ናት፣ ዴያ ትባላለች። ኡርሱስ የሚባል በጋሪ እየዞረ ትርኢት የሚያሳይ ሰው ሁለቱንም ያሳድጋቸዋል። ጉዊንፕሌን አድጎ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ሕዝቡ ፊቱን አይቶ በሳቅ ይንፈራፈራል፣ እሱ ከመድረኩ ሲወርድ አፉን ይሸፍናል።

ደብተሬ ላይ በጣም የበዛው ማስታወሻ ይሄ መሸፈን ነው። በእጁ ይሸፍናል፣ በሻርፕ ይሸፍናል፣ በካባው ጫፍ ይሸፍናል፣ አፉ በተሸፈነ ቁጥር ደሞ ለተመልካች የሚቀረው ዓይኑ ብቻ ነው፣ ዓይኑ ደሞ የሚለው ሌላ ነገር ነው፣ ያፍራል፣ ይለምናል፣ አንዳንዴ ያለቅሳል። ፋይት ይሄን ሙሉ ፊልም የሠራው በዓይኑ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አፉማ ለሌላ ሰው የተሰጠ ነው፣ ለትወና የቀረው ግማሽ ፊት ብቻ ነው፣ በግማሽ ፊት ደሞ እንደዛ መሥራት! ለኔ ድምፅ አልባው ዘመን ካፈራቸው ትወናዎች ሁሉ ከላይኛው መደዳ ነው።

ዳይሬክተሩ ፖል ሌኒ ይባላል፣ ጀርመን አገር የፊልም ዲኮር ሠሪ የነበረ፣ ዩኒቨርሳልን የመሠረተው ካርል ለምሌ ነው ወደ ሆሊውድ ያስመጣው፣ ይሄን ፊልም ከሠራ በኋላ ብዙ አልቆየም፣ 1929 ላይ በ44 ዓመቱ ሞተ። ፋይትም ጀርመናዊ ነው፣ 1920 ላይ በዶክተር ካሊጋሪ ፊልም ውስጥ በእንቅልፍ ልቡ የሚሄደውን ሴሳሬን የሠራው እሱ ነው፣ በኖራ የነጣ የመሰለ ፊትና የተከበበ ዓይን። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከጀርመን ያመጡት ነገር ጥላ ነው፣ ስለት ያለው ጥላ። እሱ ላይ በኋላ እመጣለሁ፣ ምክንያቱም ኮሚክ የሚሠራ ሰው ብሩሹን የሚያነሳው ከዛ ጥላ ነው።

አጽሙና ጭቃው

ጭቃውን ያመጣሁት ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ነው። ለሥዕል ሥራ ተብሎ የሚሸጥ ጭቃም አለ፣ ውድ ነው፣ የቀጨኔው ግን ጠንካራ ነው፣ ጣት ሲጫነው ቅርፁን ይይዛል፣ የሸጡልኝ እናት ራሳቸው "ለጀበና ነው ለምን?" ብለው ጠየቁኝ፣ ለጭንቅላት ነው ስላቸው አሸዋ የበዛበትን ትተው ለስላሳውን መረጡልኝ።

አጽሙ ቀላል ነው፣ ጣውላ ላይ የቆመ ዱላ፣ ዱላው ላይ በሽቦ የታሰረ የጋዜጣ ኳስ፣ ከዛ ላይ ጭቃው። መጠኑን ከእውነተኛ ጭንቅላት ትንሽ አሳነስኩት። የላይኛውን ክፍል፣ ማለትም ዓይንና ቅንድብ የሚቀመጥበትን፣ ጉድጓድ አድርጌ ተውኩት፣ እዛ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲሲን ነው፣ የማይደርቅ ስለሆነ እንደፈለኩ እነቅላለሁ እተካለሁ። ማታ ማታ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ፌስታል አለብሰዋለሁ፣ በተለይ ከንፈሩን፣ ቀጭን ስለሆነ ከሌላው ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

አፉ

በጣም ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ ይሄ ነው፣ በጣም ብዙ የተማርኩትም ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ፋይት ላይ የተሠራውን ልናገር። ሜካፑን የሠራው ጃክ ፒርስ ነው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 1931 ላይ የፍራንኬንስታይንን ጭራቅ ፊት የሠራው ሰውዬ። ለፋይት ትላልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራለት፣ ጥርሱ ላይ ደሞ የአፉን ጥግ ወደኋላ ስቦ የሚይዝ መንጠቆ ነበረው። ያን ነገር አፉ ውስጥ ከቶ መናገር ይቸግረዋል። ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል፣ ፊልሙ ድምፅ አልባ ባይሆን ኖሮ ይሄ ፊት በዚህ መልኩ ባልኖረ። ተዋናዩ መናገር ስለማያስፈልገው ነው አፉን እንዲህ ማሰር የተቻለው። ፊልሙ ሲለቀቅ ሙዚቃና አንዳንድ ድምፅ ተጨምሮበት ነበር፣ የተዋናዮች ንግግር ግን የለውም፣ ድምፅ ያለው ፊልም በሩ ላይ በቆመበት ሰዓት የተሠራ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ቢዘገይ ጆከር ዛሬ የምናውቀው ጆከር አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ።

እሺ ወደ ጭቃው። መጀመሪያ የእህቴን ልጅ ፊቴ አስቀምጬ ከልቧ ስትስቅ ፎቶ አነሳኋት፣ ከዛ ደሞ በጣቶቿ የአፏን ጥግ ወደኋላና ወደላይ እንድትስብ አድርጌ አነሳኋት። ሁለቱን ፎቶ አጠገብ ለአጠገብ ሳደርጋቸው ልዩነቱ ቁልጭ አለ። ሰው እውነት ሲስቅ ሁለት ነገር አብሮ ይሠራል፣ ከጉንጭ አጥንት ተነስቶ የአፍን ጥግ ወደላይ የሚጎትተው ጡንቻ አንዱ ነው፣ ዓይንን ክብ አድርጎ የሚዞረው ጡንቻ ሌላው ነው፣ ሁለተኛው ሲጠብቅ ጉንጭ ይነሳል፣ የታችኛው ቆብ ይገፋል፣ የዓይን ጠርዝ ይሸበሸባል። ይሄን ያጠናው ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፣ የሰው ፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየነካካ ፎቶ እያነሳ 1862 ላይ መጽሐፍ አሳተመ። አፍን በፈቃድህ ማሳቅ ትችላለህ፣ የዓይኑ ግን እውነት ካልተደሰትክ እምቢ ይላል ነው የሚለው። ሁጎ የሚስቀውን ሰው ያሳተመው ከዛ ሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ፋይት አፍ ውስጥ ያለው መንጠቆ ደሞ ምንም ጡንቻ አያውቅም፣ አፉን ብቻ ነው የሚስበው። ስለዚ አፉ ሙሉ ሳቅ ነው፣ ጉንጩ በግድ የተሳበ ነው፣ ዓይኑ አካባቢ ግን አንድም ሽብሽብ የለም። ፎቶውን ስናይ ምን እንደሆነ ሳናውቅ የሚረብሸን እሱ ነው፣ ፊቱ ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ጊዜ እየነገረን ነው።

ጭቃው ላይ እንዲህ አደረኩት፦ የላይኛውን ከንፈር አሳሳሁት፣ ሲሳብ ስለሚሳሳ። ከአፍንጫው ክንፍ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደውን መስመር በእንጨት ቢላ ጠለቅ አድርጌ ቆፈርኩት። የአፉን ጥግ ወደላይ ብቻ ሳይሆን ወደኋላ፣ ወደ ጆሮው ሳብኩት፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ አስቀመጥኩ፣ መንጠቆው የያዘበት እንዲመስል። ጥርሱን ከጀሶ ሠራሁት፣ አንድ ወጥ መደዳ፣ ከዛ በመርፌ እየለየሁ፣ የላይኛውም የታችኛውም እንዲታይ። ጀሶው ነጭ ስለሆነ ከቡናማው ጭቃ መሀል ብቻውን ብልጭ ይላል፣ ገና ዓይን ሳይኖረው ራሱ ሰው ክፍሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ዓይን

የጉዊንፕሌንን ዓይን ሠራሁ። የቅንድቡ የውስጠኛው ጫፍ ወደላይ የተነሳ፣ የውጪው የወረደ፣ ግንባሩ መሀል ላይ ትንሽ የተጨማደደ፣ የላይኛው ቆብ ከበድ ያለ፣ ዓይኑ ደሞ ካሜራውን የማያይ፣ ወደ ጎንና ትንሽ ወደላይ የዞረ። የዓይኑን አቅጣጫ ለማስተካከል ብቻ አንድ ሙሉ ከሰዓት ሄደ፣ ግን ተገቢ ነው፣ ጉዊንፕሌን ሰውን ፊት ለፊት ማየት የሚፈራ ሰው ነው፣ ፊት ለፊት የሚያየው ዴያን ነው፣ እሷ ስለማታየው።

አከራያችን እማማ ውሃ ሊቀዱ መጥተው በር ላይ ቆመው አዩት። ጆከር ማን እንደሆነ አያውቁም፣ ፊልሙንም አያውቁም። ትንሽ ዝም ብለው አዩትና "ውይ፣ ይሄ ልጅ ምን አድርገውት ነው?" አሉ። ምን ሆኖ ነው አላሉም፣ ምን አድርገውት ነው ነው ያሉት። ደብተሬ ላይ ወዲያው ጻፍኩት፣ ምክንያቱም የፊልሙ ታሪክ በሙሉ እሱ ነው፣ ይሄ ፈገግታ ሰውየው ላይ የተደረገ ነገር ነው፣ ያንን ደሞ ዓይኑ ብቻውን ተናገረ።

ብርሃን

ጭቃው እርጥብ እያለ ነጭ ቀለም ስለማይይዝ እስኪደርቅ ጠበኩት፣ ከዛ ፊቱን ነጭ፣ ከንፈሩን ጥቁር ቀይ፣ የዓይኑን ዙሪያ ግራጫ ቀባሁት። ፀጉሩን ከገመድ ፈትዬ ወደኋላና ወደላይ አበጠርኩት፣ ፋይት ፎቶው ላይ እንዳለው ከግንባሩ ላይ ሽቅብ የተነሳ።

መብራቱ አንድ አምፖል ነው፣ በካርቶን ከበብኩት። ከላይ ሳበራው ጥርሱ ጥላ ውስጥ ገባና ዓይኑ ጠፋ፣ ሬሳ መሰለ። ከጎን ሳደርገው ከአፍንጫ እስከ አፍ ጥግ ያለው መስመር ቢላ የመሰለ ጥቁር ሆነ፣ ፊቱ ግማሹ የለም፣ ያ በጣም ሌኒ ሌኒ ይሸታል። ከታች ሳደርገው ደሞ ያ የሚያሳዝነው ዓይን ራሱ ክፉ መሰለ! ዓይኑን አልነካሁትም፣ ቅንድቡን አልነካሁትም፣ አምፖሉን መሬት ላይ አስቀመጥኩት እንጂ። ስለዚ ግምቴ ላይ መጨመር ያለብኝ ነገር አለ፣ የዓይኑን ሀዘን ብርሃን ብቻውን ሊሰርዘው ይችላል።

ፎቶዎቹን ወደ ጥቁርና ነጭ ስቀይር ሌላ ሙከራም አደረኩ። የድሮው የፊልም ጥሬ ዕቃ ቀይ ቀለም አይታየውም ነበር፣ ቀይ የሆነ ነገር ሁሉ ወደ ጥቁር ይሄድበታል፣ በ1920ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ነው ሆሊውድ ሁሉንም ቀለም ወደሚያየው ፊልም የዞረው። ስልኬ ላይ ቀዩን ሙሉ በሙሉ ዝቅ አድርጌ አንድ ምስል ሠራሁ፣ እንዳለ ትቼ ሌላ ሠራሁ። በመጀመሪያው ከንፈሩ ድቅድቅ ጥቁር ሆኖ አፉ በእጥፍ የሰፋ መሰለ። በሁለቱም ግን አንድ ነገር እኩል ነው፣ ቀይ የሚባል ነገር የለም፣ አረንጓዴም የለም። ኮሚኩን የሠሩት ልጆች እጅ የገባው ፎቶ እንደዚ ነበር፣ ጥቁርና ነጭ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ከታሪኩ የተቆረጠ።

ስለ 1940 የጻፍኩት

ይሄን ክፍል ሳልሠራ ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ቀጣዩ ዓይን ከዚህ ስለሚመጣ።

ባትማን ቁጥር 1 የወጣው 1940 ጸደይ ላይ ነው፣ ጆከር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዛ ነው። ሦስት ሰዎች አሉ፣ ሠዓሊው ቦብ ኬን፣ ጸሐፊው ቢል ፊንገር፣ እና የኬን ረዳት ጄሪ ሮቢንሰን፣ 1922 የተወለደ፣ ገና ኮሌጅ የሚማር ልጅ። ማን ፈጠረው የሚለው ጭቅጭቅ ሁሉም እስኪሞቱ አልተፈታም። ሮቢንሰን የሚለው ጠላቱን ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ የጆከር መጫወቻ ካርታ ስዬ አመጣሁ፣ ያንን ሲያይ ፊንገር የፋይትን ፎቶ አስታወሰና አመጣ ነው። ኬን ደሞ ፎቶው ቀድሞ መጣ፣ እኔና ፊንገር ነን የፈጠርነው፣ የሮቢንሰን ካርታ ከዛ በኋላ ነው የመጣው ይላል። ፊንገር ኮኒ አይላንድ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ያለ የሚስቅ ፊትም በሐሳቡ እንደነበር ይነገራል። እንደኔ ግን ጭቅጭቁ ውስጥ አንድ ማንም የማይክደው ነገር አለ፣ የፋይትን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ቢል ፊንገር ነው፣ ኬንም ሮቢንሰንም እዛ ላይ ይስማማሉ። እና ያ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ስሙ ኮሚኩ ላይ እንደ ባትማን ፈጣሪ ሳይጻፍ 1974 ላይ ሞተ፣ ስሙ በይፋ መጻፍ የጀመረው 2015 ላይ ነው። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፣ ስለ ጆከር ሲወራ የሱን ስም ሳይጠሩ የሚያልፉ ሰዎች ባይኖሩ ደስ ይለኛል።

አሁን ታሪኩን እዩት። በመጀመሪያው ታሪክ ጆከር በሬዲዮ ወጥቶ ሄንሪ ክላሪጅ የሚባል ሀብታም እኩለ ሌሊት ላይ ይሞታል፣ አልማዙንም እወስዳለሁ ይላል። ሰውየው በሰዓቱ ይሞታል፣ ፊቱ ላይ ግን ትልቅ የተጎተተ ፈገግታ ይቀራል፣ የጆከር መርዝ የሚያደርገው ነው። እዚህ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ጉዊንፕሌን ሌሎች ሰዎች በግድ ፈገግታ የቀረጹበት ልጅ ነው። ጆከር ሌሎች ሰዎች ላይ በግድ ፈገግታ የሚቀርጽ ነው። አፉ ብቻ አይደለም የተወሰደው ማለት ነው፣ ግፉ ራሱ ተወስዶ ተገልብጧል፣ የተበዳዩ ፊት ለበዳዩ ተሰጠ። ፊንገር ይሄን አውቆ አደረገው አልልም፣ ግን ወረቀቱ ላይ አለ።

ሌላ የሚገርመው፣ ጆከር እዛው እትም ላይ ሊሞት ነበር። ሁለት ታሪክ ላይ ይታያል፣ በሁለተኛው መጨረሻ በራሱ ቢላ ይወጋል፣ ኤዲተሩ ዊትኒ ኤልስዎርዝ ነው ይሄ ሰው አይሙት ብሎ በሕይወት እንዳለ የሚያሳይ ምስል በችኮላ እንዲጨመር ያደረገው። አንድ ፓነል፣ ማለት ገጹ ላይ ያለች አንዲት የሥዕል ሳጥን!

ፋይት ደሞ በዛው ሰሞን ሌላ ሕይወት ላይ ነበር። ሚስቱ አይሁድ ናት፣ 1933 ላይ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ጀርመንን ጥሎ እንግሊዝ ሄደ፣ ከዛ ሆሊውድ። እዛ የሚሰጡት ሚና ናዚ መሆን ነበር፣ ካዛብላንካ ላይ ያለው ሜጀር ስትራሰር እሱ ነው። 1943 ላይ ጎልፍ እየተጫወተ በልብ ሕመም ሞተ። ከናዚ የሸሸ ሰው፣ በጣም ደግ ሰው ሆኖ የተጫወተበት ፊት፣ ዓለም የሚያስታውሰው በክፉ ሰውነት ነው።

ሁለተኛው ዓይን

ፕላስቲሲኑን ነቅዬ የጆከርን ዓይን ሠራሁ። የ1940ውን ጆከር አይቼ ነው፣ የኋላዎቹን ሆን ብዬ አልከፈትኩም። ቅንድቡ ተገልብጧል፣ የውስጥ ጫፉ ወርዶ የውጪው ወጥቷል፣ የዓይኑ ጉድጓድ ጠቁሯል፣ ብሌኑ ትንሽ ነው። ዋናው ልዩነት ግን አቅጣጫው ነው፣ ይሄኛው በቀጥታ ያይሃል። አንደኛው እንዳይታይ ይሸሻል፣ ሁለተኛው እንድታየው ይፈልጋል፣ አፉን የሚሸፍንበት ምንም ምክንያት የለውም።

አፉን በሚሊ ሜትር አልነካሁትም። ግን ሁለቱን ፎቶ ሳይ አፉ የተቀየረ ነው የሚመስለው፣ በመጀመሪያው የተሳበ ነበር፣ በሁለተኛው የተከፈተ ሆነ፣ መንጠቆው ያለበት ጉድጓድ ራሱ ዲምፕል መሰለ። የእህቴ ልጅ አፉን አስተካከልከው አይደል አለችኝ፣ አልነካሁትም ብላት አላመነችኝም፣ ሁለቱን ምስል ስልኬ ላይ ደርቤ ካሳየኋት በኋላ ነው የተቀበለችው።

ወደ ወረቀት

ሁለቱን ፎቶ በቻይና ቀለምና በብሩሽ ወደ ኮሚክ ፓነል ቀየርኳቸው። የጎን መብራቱን መረጥኩ። እዚህ ጋ ግራጫ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ጥቁር ነው ወይ ወረቀቱ ነው፣ እና ለእያንዳንዷ ጥላ መወሰን አለብህ። የሌኒ ፊልም ላይ ግማሹ ውሳኔ በመብራት አልቋል፣ ጥላው ስለት ስላለው ብሩሹ ጠርዙን ተከትሎ መሄድ ብቻ ነው። ሌላ ለስላሳ መብራት ያለው ፎቶ በቀለም ለመሥራት ሞክሩ፣ ፊቱ ወይ ይደበዝዛል ወይ ይጨማደዳል። ያ ፎቶ ለምን ኮሚክ ለሚሠራ ሰው እንደተመቸ በእጄ የገባኝ አሁን ነው።

የጠፋውም ነገር እዚህ ጋ ነው የሚጠፋው። ጉዊንፕሌን ዓይን ላይ ያለው ሀዘን ግማሹ ግራጫ ነው፣ የቆቡ ክብደት፣ እርጥበቱ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ለስላሳ እጥፋት። በጥቁርና ነጭ ብቻ ሲሠራ ይተናል፣ አፉ ግን ምንም አይጎልበትም፣ መስመርና ጥርስ ስለሆነ እንደውም ይጠነክራል። ማለት የኮሚኩ ሰዎች ሀዘኑን ለማስቀረት ባይፈልጉ እንኳ መሣሪያው ራሱ ከአፉ ጋር ነው የሚያዳላው።

ቀለማቱ

የዛ ዘመን ኮሚክ በአራት ቀለም ነው የሚታተመው፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር፣ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ። በነዚህ ብቻ ቀላቅዬ ሁለቱንም ፓነል ቀባሁ። ፀጉሩ አረንጓዴ፣ ማለት ሰማያዊ በቢጫ ላይ። ልብሱ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ በሐምራዊ ቀይ ላይ። ከንፈሩ ሐምራዊ ቀይ በቢጫ ላይ። ፊቱ ደሞ ምንም፣ ያልተነካ ወረቀት። የሌሎቹ ሰዎች ፊት በነጠብጣብ የሥጋ ቀለም ሲያገኝ የሱ ባዶ ነው የሚተወው፣ ገጹ ላይ ካሉት ሰዎች መሀል ቀለም ያልደረሰው እሱ ብቻ ነው፣ እና ዓይንህ ቀጥ ብሎ እሱ ላይ ይሄዳል።

ሁለቱን ባለቀለም ፓነል ግድግዳ ላይ ለጥፌ ለሚመጣው ሰው ሁሉ አሳየሁ። ጥቁርና ነጩን ፎቶ ያዩት ሁሉ የመጀመሪያውን ምስኪን፣ ሁለተኛውን ክፉ ነው ያሉት። በቀለም ግን አልሆነም። የሚያሳዝነው ዓይን ያለውን ሲያዩ አንድም ሰው ሌላ ሰው ነው አላለኝም፣ "ጆከር እያለቀሰ ነው" ነው ያሉት፣ የእህቴ ልጅም እንደዛው። ስለዚ ግምቴ ዓይን ብቻውን ይወስናል የሚለው በጥቁርና ነጭ ይሠራል፣ አረንጓዴውና ወይን ጠጁ ሲገባ ግን ከ80 ዓመት በላይ የተለመደው መልክ ያሸንፈዋል፣ ዓይኑ ማንነቱን መናገር ትቶ ስሜቱን ብቻ ነው የሚናገረው። 2019 ላይ የወጣው የጆከር ፊልም የገባው በዚህ ክፍተት ይመስለኛል፣ እዛ ላይ ሰውየው የሚስቀው ሳይፈልግ ነው፣ በሕመም፣ አፉን ለመያዝ እየታገለ ይስቃል፣ ዓይኑ ሌላ ነገር እያለ። መንጠቆው ተመልሶ መጣ ማለት ነው፣ በሌላ መልክ።

የቀረኝ ሥራ ይሄ ነው፦ ከታችኛው ፊት ላይ የጀሶ ሞልድ አውጥቼ ሁለተኛ አፍ እቀዳለሁ፣ አንድ ጭንቅላት ላይ ዓይን እየነቀልኩ ከመቀየር ሁለቱም ባንዴ እንዲቆሙ። ሞልዱን ሁለት ክፍል ነው የማደርገው፣ መገጣጠሚያው በከንፈሩ መሀል እንዳያልፍ በመንጋጋው ጠርዝ ይዞራል፣ ጥርሱን ለብቻው አወጣለሁ። ጀሶው ተገዝቷል፣ ቅባቱም አለ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ እጀምራለሁ፣ በዚህ እርጥበት አይደርቅም።